ትንሽ ቡችላ ለማን ይሰጣል?

የዚህ ጽሑፍ መነሻ በጫማ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የተጓዘ አንድ ነጭ ቡችላ ነው። ዘሩ ሕዝባችን «የፈረንጅ ውሻ» እያለ ከሚጠራቸው ከትንንሾቹ ወገን ነበር፤ አድጎ እንኳ ከድመት እምብዛም የማይበልጥ፣ ጠጕሩ ረዥምና ለስላሳ፣ ሲያዩት ልብ የሚማርክ ነው። ያመጡት በከተማው ለብዙ ዘመን ያስተማሩ አንድ መምህር ሲሆኑ፤ ለሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው የበዓል ስጦታ ይሆናል ብለው ነበር።

በስድስተኛው ቀን መምህሩ ከቢሮዬ መጡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሻሹ ቆሙ፤ ይቀመጡ ብላቸውም አልተቀመጡም።

«ዶክተር፤ ያ ቡችላ ትናንት ሌሊት ሞተ» አሉኝ። (የጤና መኰንን እንጂ ዶክተር እንዳልሆንሁ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ነገር ግን በአገራችን ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።)

«አዝናለሁ፤ ጋሼ። ልጅቱም ሳታለቅስ አልቀረችም።»

«ማልቀሱንስ አልቅሳለች። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ዛሬ ጧት እንባዋን ስትጠርግ ጣቷን አየሁት። ከሦስት ቀን በፊት ነክሷት ኖሯል፤ እንዳንቈጣት ፈርታ ደብቃናለች።»

«ሬሳው የት አለ?»

«ከቆሻሻ ጋር ተጫነ» አሉና ዝም አሉ። ቀጥለውም፤ «ግን እኮ ገና ሕፃን ነው። ይህን የሚያህል ነገር ደግሞ ያብዳልን?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ያብዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የውሻን ዘርም ዕድሜም መጠንም አይመርጥም፤ በእብድ እንስሳ የተነከሰ ቡችላ እንደ ትልቁ ውሻ ይታመማል። በሽታው በምራቅ ይተላለፋል፤ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ጕዞውም አብዛኛውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። ሕመሙ አንድ ጊዜ ከታየ ግን የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የሰው ልጅ ዕድል ያለው በዚህ የጕዞ ዘመን ነው። ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሐምሌ 1885 ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ የከተበው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነበር፤ ልጁም ዳነ። ይህ ከሆነ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይናገራል። ሰውን የሚይዘው በሽታ ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ከውሻ የመጣ ነው።

ቡችላው በሕይወት ቢኖር ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። የነከሰ ውሻ ከነከሰበት ቀን ጀምሮ ዐሥር ቀን በጥበቃ ሥር ሆኖ ደኅና ከሰነበተ፤ በነከሰ ጊዜ በሽታው በምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። ሞቶም ቢሆን ሬሳው ቢገኝ የአንጎሉ ናሙና ተመርምሮ እውነቱ ይታወቅ ነበር። እኛ ግን ቡችላውም ሬሳውም አልነበሩንም።

መምህሩ ስለ አሟሟቱ የነገሩኝም ከጭንቀት አላወጣኝም። ከመሞቱ በፊት ባለው ቀን መብል እንቢ ብሎ ነበር፤ ሲራመድ ይንገዳገዳል፤ ወደ ማታ ተንቀጠቀጠ፤ በመጨረሻም ሰውነቱ ተገታትሮ አረፋ ደፈቀ። እነዚህ ምልክቶች የእብደት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን ትንንሽ ዘር ያላቸው ቡችሎች ሲርባቸውና ሲበርዳቸው በደማቸው ያለው ስኳር ፈጥኖ ስለሚያልቅ ልክ በዚህ ዓይነት ይወድቃሉ። ሰውነታቸው ትንሽ ስለ ሆነ የሚያከማቹት ኀይል ጥቂት ነው፤ ሙቀታቸውም ቶሎ ያመልጣል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ውርጯን የማያውቅ የለም። ቡችላው በሲሚንቶ ወለል ላይ በካርቶን ውስጥ ያድር ነበር፤ የሚበላውም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቤተ ሰቡ ሲበላ ነበር። በሁለት ወር ዕድሜው በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት ይገባው ነበር። እንዲያ ሲንቀጠቀጥ ጥቂት ማር ወይም የስኳር ውሃ በድዱ ላይ ቀብተው፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው በጎኑ ቢያኖሩለትና ፈጥነው ወደ እንስሳት ሐኪም ቢወስዱት ምናልባት ይተርፍ ነበር። ነገር ግን ቀደም ሲል የነከሰና አሁን አረፋ የሚደፍቅ ቡችላን ባዶ እጅን ወደ አፉ አስገብቶ መርዳት ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። እኔ ራሴ በብርድና በረኀብ እንደ ሞተ አምናለሁ፤ በእምነቴ ላይ ግን የአንዲት ልጅ ሕይወት አላስይዝም።

የልጅቱን ቁስል፣ ቢዘገይም፣ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ አጠብነው፤ መርፌውም በዚያው ቀን ተጀመረ። የጥርሱ ምልክት ደምቶ ስለ ነበር ከክትባቱ ሌላ ኢሚዩኖግሎቡሊን የተባለው መድኃኒት በቁስሉ ዙሪያ ተሰጣት። ክትባቱ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ በሦስተኛው፣ በሰባተኛውና በዐሥራ አራተኛው ቀን ነበር። አንዱን ቀን እንኳ ሳታጓድል ፈጸመች። ልጅቱ ደኅና ናት።

እዚህ ላይ ለመምህራን አንድ ነገር ላሳስብ። በሽታው አለባቸው ተብለው በሚጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች ከመቶው ዐርባ ያህሉ ዕድሜያቸው ከዐሥራ አምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው፤ ልጅም ቍጣን ስለሚፈራ ንክሻን ይደብቃል፤ ይልቁንም የነከሰው የሚወድደው ቡችላ ከሆነ «ይወስዱብኛል» ብሎ ይሠውረዋል። በክፍላችሁ ውስጥ «ውሻ የነከሰው ልጅ አይገረፍም» ብላችሁ በግልጽ ብትናገሩ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል።

እንግዲህ መርፌው እየተሰጠ ሳለ የቡችላውን ታሪክ ለማወቅ ስልክ መደወል ጀመርሁ። መምህሩ የተቀበሉት አዲስ አበባ ውስጥ ከሚያውቁት አንድ ባለ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ ከአንድ ሾፌር ተቀብሎ ነበር፤ ሾፌሩም ቀድሞ ከሚሠራበት ቤት። እያንዳንዱ የነገረኝ ቃል አንድ ነበር፤ «እኔ ስሰጥ ደኅና ነበር።» ስለ ክትባት ስጠይቅ ሁሉም ከእርሱ በፊት የነበረው ሰው ሳያስከትበው እንዳልቀረ ይገምታል። ቡችላው ከእናቱ የተለየው በአምስት ሳምንቱ ነው። ሾፌሩ ዘንድ አንድ ሳምንት ኖረ፤ ባለ ሱቁ ዘንድ ደግሞ የሠፈር ውሾች ሲገቡና ሲወጡ በሚውሉበት ግቢ ሁለት ሳምንት ኖረ። በዚያ ግቢ ማን እንደ ነከሰው፣ ማን እንደ ላሰው የሚያውቅ የለም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጌታ ለወጠ፤ አንዳቸውም ለተከታዩ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልሰጡም። ስለዚህ ክትባቱን ማቋረጥ የሚያስችል ምክንያት አላገኘሁም።

የመጀመሪያው ቤት ጌቶች ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ የተዘጋጁ ደግ ባልና ሚስት ነበሩ። እናቲቱ ውሻ የተከተበች ናት፤ ካርዷንም አሳዩኝ፤ ይዘዋት ይሄዳሉ። ነገሩን በነገርኋቸው ጊዜ ወይዘሮዋ ለረዥም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፤ «አንዲት እኅት ቀርታለች። የሚወስዳት ሰው ያገኙልን ይሆን?» አሉኝ።

እምቢ ማለት ይቻለኝ ነበር፤ የጤና መኰንን ሥራው ቡችላ ማዛወር አይደለም። ግን እኔ እምቢ ብል ሾፌሩ አለ።

በእንግሊዝ አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ ያከራዩኝ ሴትዮ በትርፍ ጊዜያቸው ጌታ ላጡ ውሾች ቤት ይፈልጉ ነበር። ይህ ሥራ በዚያ አገር የቈየ ነው፤ ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ሴት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860 በለንደን የመሠረቱት፣ በ1871 ወደ ባተርሲ የተዛወረው የውሾች መጠለያ እስከ ዛሬ ይሠራል። አከራዬ ወደ አመልካቹ ቤት ሄደው አጥሩን ያያሉ፤ ቀን ቀን ቤት ውስጥ ማን እንደሚውል ይጠይቃሉ፤ ልጆቹን በስማቸው እየጠሩ ያነጋግራሉ። ያን ጊዜ በልቤ እስቅ ነበር። በኋላ ግን አሰብሁት፤ እኛ ልጃችንን ስንድር ሽማግሌ ተቀብለን፣ ዘር ቈጥረን፣ የጎረቤት ምስክር ጠይቀን ነው፤ ቡችላን ግን በመኪና መስኮት እናቀብላለን። በእንግሊዝ ይህ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ብዙ በደል ስላመጣ፤ በአንዲት ትንሽ ዘር ውሻ ስም «የሉሲ ሕግ» የተባለ ደንብ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ጸንቷል። ሻጭ ሆኖ ከስድስት ወር በታች ያለ ቡችላ ማቅረብ የሚችለው ራሱ ያረባው ሰው ብቻ ነው፤ ገዢውም ቡችላውን ከእናቱ ጋር ማየት አለበት። ሌላው መንገድ ከመጠለያ መውሰድ ነው። ከስምንት ሳምንት በታች ያለ ቡችላ መሸጥም የተከለከለ ነው። ከባለ ሱቁና ከሾፌሩ በኋላ የሕጉ ምክንያት ገባኝ።

ቤት መፈለግ ጀመርሁ። ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን ሞላ፤ ትንሽ ውሻ የሚወድድ ሰው ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ነው። (ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴም ሉሉ በሚል ስም የታወቀ የቺዋዋ ዘር ትንሽ ውሻ እንደ ነበራቸው ሽማግሎች ያስታውሳሉ።) አንድ ነጋዴ መጋዘን እንድትጠብቅለት ፈለጋት፤ አይጥም የምታባርር አይመስለኝም አልሁት። አንድ ወጣት ባልና ሚስት ደግሞ ሁለቱም ከጧት እስከ ማታ ሥራ ናቸው፤ በቀን አምስት ጊዜ የምትበላ ቡችላ ለብቻዋ ተዘግታ አትውልም። አንዲት ወይዘሮ የሁለት ዓመት ልጅ አላቸው፤ እጅግ ደግ ሴት ናቸው፤ ነገር ግን የእነዚህ ትንንሽ ውሾች የፊት እግር አጥንት እንደ እርሳስ ቀጭን ነው፤ ከሕፃን እጅ ወይም ከአልጋ ላይ ቢወድቁ ይሰበራል። የተሰበረም ይናከሳል። አንድ ጎረቤቴ ደግሞ በእምነታቸው ምክንያት ውሻ ወደ ቤት እንደማያስገቡ ነገሩኝ፤ ልጃቸው ግን አጥብቆ ፈልጓት ነበር። እንዲህ ያለውን ቤት መለመንም መገፋፋትም አይገባም፤ ቤተ ሰቡ ያልተስማማበት ውሻ ከጥቂት ወር በኋላ መንገድ ላይ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ መምህሩ መጡ። «ለልጅቱ ስጣት፤ አሁን አውቀናል» አሉኝ።

ይህን መልስ ለመስጠት እንደዚያ ቀን የከበደኝ ጊዜ የለም። ልጅቱ ትምህርት ቤት ትውላለች፤ እናቷም ሥራ፤ እርሳቸውም ገና ያስተምራሉ። ቤቱ ቀን ቀን ባዶ ነው። «ጋሼ፤ ቤትዎ ሰው የለም» አልኋቸው። ቅር አላቸው፤ ቡናም ሳይጠጡ ሄዱ።

በመጨረሻ የተመረጡት ከእርሳቸው ቤት ሦስተኛ አጥር ላይ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ቀን ቀን ቤታቸው ይውላሉ፤ ምድጃቸው አይጠፋም፤ ግቢያቸው የታጠረ ነው፤ ሌላ ውሻ የለም። እኔ ከጠየቅኋቸው ይልቅ እርሳቸው የጠየቁኝ ይበዛ ነበር፤ ልቤ ያረፈውም በዚህ ነው። ምን ትበላለች? የተቀቀለ ሥጋና ሩዝ፣ ለቡችላ የተዘጋጀም ምግብ ከተገኘ፤ ወጥ ግን ከቶ አይሰጣትም። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ለአንድ ኪሎ ውሻ ጥቂቱ ብዙ ነው። ቸኮላታና ዘቢብም እንዲሁ መርዝ ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል አንጀት ይበሳል።

አንዱን ነገር ከሁሉ አጥብቄ ነገርኋቸው፤ ለሁላችሁም የምነግረው ነው። በበዓል ቀን በግ ስናርድ ሳንባውን ወይም ጉበቱን ቈርሰን ለውሻ መወርወር ልማዳችን ነው። በዚያ ሥጋ ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ካሉ ኤኪኖኮከስ የተባለው ትንሽ የኮሶ ዘመድ በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ ከጥቂት ሳምንትም በኋላ ዕንቍላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ጠጕሯን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የሚቈርስ ሰው ዕንቍላሉን ይውጣል፤ በጉበቱ ወይም በሳንባውም ከረጢቱ ሳይሰማው ለዓመታት ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም። የታረደው የሆድ ዕቃ ወይ ይቀቀል፣ ወይ ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር። የቡችላ ወስፋት ደግሞ ከእናት ማሕፀን ጀምሮ ይይዛል፤ ስለዚህ የትል መድኃኒት ከሁለት ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ስምንት ሳምንት፣ ከዚያም በየወሩ እስከ ስድስት ወር ይሰጣል። በዓይነ ምድሩ የሚወጣው ዕንቍላል በሽታ ማስያዝ የሚችለው በአፈር ውስጥ ሳምንታት ከቈየ በኋላ ስለ ሆነ፤ በየቀኑ የሚጠርግ ቤት ከአደጋው ይጠበቃል።

ቡችላዋ የመጣችው በዐሥር ሳምንቷ ነው፤ ለትንሽ ዘር ከስምንት ይልቅ ዐሥር ይሻላል። ከዚህ እጅግ ማዘግየት ግን አልፈለግሁም፤ ቡችላ ሰውንና ድምፅን የሚለምድበት ዘመን በሦስተኛውና በዐሥራ አራተኛው ሳምንት መካከል ስለ ሆነ፤ በዚያ ጊዜ አዲሱን ቤት ያላወቀ ፈሪ ሆኖ ያድጋል፤ የሚፈራ ውሻም ይናከሳል። ከአዲስ አበባ ያመጣኋት በጧት ነው። ወይዘሮዋ እናቲቱ የተኛችበትን አሮጌ ብርድ ልብስ ቈርጠው ሰጡኝ፤ የለመደችውን መብል ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ጨመሩ። በፖስታ ውስጥም አንድ ወረቀት ነበር፤ የተወለደችበት ቀን፣ የእናቲቱ ክትባት፣ የትል መድኃኒት የተሰጠባቸው ቀናት፣ በስምንት ሳምንቷ የወሰደችው የፓርቮና የዲስቴምፐር ክትባት፣ የቤቱ ስልክ ቍጥር። ከታች ፈርመውበታል። ይህን ወረቀት ጽፎ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

በዐሥራ ሁለት ሳምንቷ የእብድ ውሻ ክትባት ተከተበች፤ ሌላውም ክትባት እስከ ዐሥራ ስድስት ሳምንቷ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ተደገመ። የእብድ ውሻው ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ቀኑ በወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

መምህሩ ለሁለት ሳምንት አላነጋገሩኝም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ልጅቱ በነርሷ ደጅ በኩል ስትገባ አየኋት። እጇን ታጥባ፣ ቡችላዋን በወጥ ቤቱ ሚዛን ላይ አስቀምጣ፣ ክብደቷን በሒሳብ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፤ ክብደት የቀነሰች ቡችላ መታመሟ ከሌላ ምልክት ሁሉ ቀድሞ የሚታወቀው በዚህ ነውና ነርሷ አስተምረዋታል። ሲጨርሱ እጅ መታጠብ ደግሞ አለ። ደብተሩን ባለፈው ቅዳሜ አሳየችኝ፤ የመጨረሻው መስመር 1 ኪሎ ከ400 ግራም ይላል።